ስትሄድ የተበደረችው፣ ስትመለስ በር ላይ የሚጠብቃት

ከወሎ ገጠር አንዲት ልጅ ወደ ሪያድ ልትሄድ ስትነሳ፣ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚመከረው ስለ ብሩ ነው። በሬው ይሸጥ? ባሕር ዛፉ ይቆረጥ? መሬቱ በወለድ አገድ ይያዝ (አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ይጠቀምበት)? ወይስ አራጣ አበዳሪው ዘንድ ይኬድ? ብዙ ጊዜ ምክሩ የሚያልቀው አራጣው ላይ ነው። ደላላው «ቪዛው ዛሬ ካልተያዘ ያልፋል» እያለ ያጣድፋል፣ በሬ ግን የገበያ ቀን ይጠብቃል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ቤተሰቡ 100,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። ወለዱ ብቻ በወር 10,000 ብር ነው። ልጅቷ ደርሳ አሠሪዋ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ደመወዝ «ያወጣሁብሽን ላካክስ» ብሎ ቢይዝባት ዕዳው 130,000 ደርሷል፤ ያውም ወለዱ ሌላ ወለድ ካልወለደ። በስድስተኛው ወር ብትታመም ወይም ተደብድባ ጠፍታ ብትወጣ ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም። እየተመታች ለምን ዝም እንደምትል፣ እናቷ ስትደውልላት ለምን «ደህና ነኝ» እንደምትል፣ ባዶ እጇን ቦሌ የወረደች ልጅ ወራት ሳይቆጠሩ ለምን በሶማሊያው ወደብ በቦሳሶ በኩል ዳግም እንደምትነሳ መልሱ እዚያ የብድር ወረቀት ላይ አለ።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከብድሩ አንጻር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እከተለዋለሁ። መከላከሉም ማቋቋሙም የሚሰናከለው ብድሩን ሳይነኩ ሲያልፉት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ሕጉ በአጭሩ

አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሁለት ወንጀሎችን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ በሰው መነገድ እና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር። በሰው መነገድ ለመባል ሦስት ነገር መኖር አለበት። ድርጊቱ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል ወይም መቀበል ነው። መንገዱ ማታለል፣ ማስፈራራት፣ ኃይል ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ነው። ዓላማው ደግሞ ብዝበዛ ነው፤ ሰውን በዕዳ መያዣነት ማሠራትም ከብዝበዛ ይቆጠራል። ተጎጂዋ 18 ዓመት ካልሞላት ተታለለች ወይስ አልተታለለችም የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም። ቀበሌ ላይም ፖሊስ ጣቢያም የሚሰማው «በፈቃዷ እኮ ነው የሄደችው» የሚለው ቃል ለደላላው መከላከያ አይሆነውም።

መሬት ላይ ግን ሁለቱ ወንጀሎች አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በባቲና በሚሌ አድርጎ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ የወጣ ልጅ የባሕር ዳርቻዋ ኦቦክ እስኪደርስ ከፍሎ የሚሻገር መንገደኛ ነው። ጀልባው የመን ራስ አልዓራ ሲያወርደው የሚቀበሉት ሰዎች ግን ግቢ ውስጥ ቆልፈው የቤተሰቡን ስልክ ይጠይቁታል። «አሁን ሂዱ፣ ስትደርሱ ትከፍላላችሁ» የሚባለው ጉዞ በአብዛኛው የሚያልቀው እንዲህ ነው። ደላላው ያለ ቀብድ የሚወስደው ክፍያውን የሚሰበስብበት ሌላ ዘዴ ስላለው ነው።

ከመሄዷ በፊት

ደላላ ሲባል ከሩቅ የመጣ እንግዳ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ጎረቤት ነው፣ የክርስትና አባት ነው፣ ከጅዳ ወርቅ አድርጋ የተመለሰች አክስት ናት። ዕድርተኛ ስለሆነ ሰው ያምነዋል። ራሱን «የኤጀንሲ ሰው» ብሎ ይጠራል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው፤ ፈቃድ ላለው ኤጀንሲ ሰው እያመጣ በነፍስ ወከፍ ይከፈለዋል። ልጅቷ በሕጋዊ መንገድ ሄዳም በዕዳ የምትያዝበት ቀዳዳ ይህ ነው።

ቀዳዳውን የሚደፍነው ማን ምን እንደሚከፍል ማወቅ ነው። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ እና ለተቀባዩ አገር ኤምባሲ የሚከፈለው ሁሉ የአሠሪው ወጪ ነው። የሠራተኛዋ ወጪ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሰነድ ማረጋገጫ እና የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ያንንም ከፍላ ያለ ጥፋቷ ሳትሄድ ብትቀር ገንዘቧ ይመለስላታል። ስለዚህ «የቪዛ»፣ «የትኬት»፣ «የኤምባሲ» ተብሎ ብር ሲጠየቅ ወይ ሌብነት ነው ወይ ሕጋዊ ያልሆነ መንገድ ነው። ቤተሰብ ይህን አንድ ነገር ቢያውቅ በሬውም መሬቱም ይተርፋል። ለሚከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይጠየቅ። ደረሰኝ ሲባል ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው ጋር ልጅ አይላክም።

ቪዛው የጉብኝት ወይም የዑምራ ከሆነ፣ ወይም «ፍሪ ቪዛ ነው፣ ደርሰሽ የፈለግሽው ቤት ትሠሪያለሽ» ከተባለ፣ ልጅቷ እንደ ሠራተኛ አልተመዘገበችም ማለት ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው የሚጣራው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ሠራተኛዋም በሚኒስቴሩ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ በራሷ ስምና ስልክ መመዝገብ አለባት። የደላላው ስልክ ቁጥር ከገባበት፣ መልእክቱ ሁሉ ለእሱ ይደርሳል። የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ያለበት አገር መሆኑም ይጠየቅ። ሳውዲ ዓረቢያ፣ ዮርዳኖስ፣ ኳታርና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በስምምነት ውስጥ የገቡ ናቸው፤ ዝርዝሩ ስለሚለወጥ በጉዞው ሰሞን ማጣራት ይሻላል።

ኮንትራቱን ቁጭ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። የአሠሪው ሙሉ ስምና ስልክ፣ ከተማው («ሳውዲ» ብቻ አይበቃም)፣ የወር ደመወዙ በአኃዝ፣ የሳምንት ዕረፍቷ፣ የኮንትራቱ ዘመን፣ የመመለሻ ትኬቱ። አማርኛው ላይ ያለው ደመወዝ ዓረብኛው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ዓረብኛ ሳይችሉም ማየት ይቻላል። በዓረብኛ አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ናት፤ አምስት የእኛን ዜሮ ይመስላል፤ ስድስት ደግሞ የእኛን ሰባት ይመስላል። ስለዚህ 1,000 ሪያል ማለት አንድ ቁም ጭረትና ከቀኙ ሦስት ነጥብ ነው። ሦስት ነጥብ ሊኖር በሚገባው ቦታ አንድ ክብና ሁለት ነጥብ ብቻ ካያችሁ 500 ነው የተጻፈው። ይህንን ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ የሚቸግረው ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ቦሌ በር ላይ መሆኑ ነው። ከሳምንት በፊት በእጇ ካልገባ አትፈርም።

ዕድሜዋ ካልደረሰ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የ15 ዓመት ልጅ በቀበሌ መታወቂያ 21 የምትሆነው በአንድ ፊርማ ነው። የተጻፈው ዕድሜ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ለደላላው ይጠቅመዋል። ይህንን ቀድሞ የሚያየው የክፍል አስተማሪዋ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ሴት ተማሪዎች ተከታትለው መቅረት ሲጀምሩ፣ በተለይ እህል ተሰብስቦ ቤተሰብ እጅ ብር ሲገባ ወይም የረመዳን ወር ሲቃረብ (ባሕረ ሰላጤው የቤት ሠራተኛ የሚፈልገው ያኔ ነው)፣ መምህሩ ስሞቹን ይዞ ወላጅ ዘንድ በዚያው ሳምንት መሄድ አለበት። ፓስፖርት ከወጣ በኋላ ምክር ሰሚ አያገኝም።

መንገዱ በቀጥታ ወደ ውጭ ላይሆን እንደሚችልም አይዘንጋ። ከገጠር በ13 ዓመቷ ለቤት ሠራተኝነት አዲስ አበባ የገባች ልጅ፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ከተቀበላት አገናኝ እጅ ወደ ሌላው እየተሻገረች በ17 ዓመቷ ዓረብ አገር ትገኛለች። ከጋሞ ተራሮች ሽመና ትማራላችሁ ተብለው ሽሮ ሜዳ የመጡ ወንዶች ልጆችም የሚያዙት በዚያው ዘዴ ነው፤ ለአባት ትንሽ ብር ይሰጥና ልጁ «የተበላብህን እስክትጨርስ» ይባላል። ከሐድያና ከከምባታ በሞያሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚነሱት ወጣቶች ጉዞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ወገኖቻችን ታፍነው ሞተው መገኘታቸውን ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም።

«ታዲያ ለምን ጨርሶ አይከለከልም?» የሚል አለ። ተሞክሯል። በ2006 መንግሥት የሥራ ጉዞውን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዘለቀ። ሰው ግን መሄዱን አላቆመም፤ በአውሮፕላን የሚሄደው በባሕር ሄደ፣ ኮንትራት የነበረው ያለ ኮንትራት ሄደ፣ ደላላውም ዋጋውን ጨመረ።

እዚያ ሆና

ስልኳን ማዳሟ ልትወስድባት ትችላለች፤ ፓስፖርቷ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በካፊሉ (ስፖንሰር በሆነው አሠሪ) እጅ ነው ብላችሁ ገምቱ። ስለዚህ ከመነሳቷ በፊት ሦስት ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ የአንድ የቤተሰብ ሰው፣ በምትሄድበት አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ እና የፖሊስ። የፖሊሱ ሳውዲ 999 (በሪያድ፣ በመካ፣ በመዲናና በምሥራቃዊው ክልል 911)፣ ኤምሬቶችና ኳታር 999፣ ኩዌትና ሊባኖስ 112፣ ዮርዳኖስ 911 ነው። ሦስት ምሽት ወረቀት ሳታይ ትድገምላችሁ፤ በመጨረሻው ምሽት ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ ጠይቋት። ተደናግጣ ሳለ ካላስታወሰችው አልያዘችውም።

አንድ የምስጢር ቃልም ይኑራችሁ። ማዳም አጠገቧ ቆማ እያለች «የአያቴ ጥጃ ደህና ናት?» ካለች፣ ቤት ያለው ሰው «ችግር ላይ ነኝ፣ እንደልቤ መናገር አልችልም» ማለቷ እንደሆነ ይረዳል። ያኔ የሚጠየቀው «አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይመቱሻል? ታመሻል? በር ይቆለፍብሻል? ማዳሟ ጋ ደውሎ መቆጣት ነገሩን በእሷ ላይ ያብሰዋል። በዚያው ቀን ኤጀንሲው በጽሑፍ ይነገረው፣ ሚኒስቴሩም ኤምባሲውም ይነገራቸው፤ የኮንትራቱ ፎቶ በሁለት ሰው ስልክ ላይ ካለ የአሠሪው ስምና አድራሻ ፍለጋ ጊዜ አይባክንም።

የላከችው ብር በቀንና በመጠን ቤት ውስጥ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ያልተከፈለችባቸው ወራትም እንዲሁ። ይህ ደብተር በኋላ ደመወዝ ለመጠየቅ ማስረጃ ነው። ከባንክ ውጭ በሐዋላ የተላከ ብር ዱካ ስለሌለው ቢያንስ መልእክቱ ይቀመጥ።

ጠፍቶ መውጣት ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የት እንደሚገቡ ነው። ሳውዲ ላይ ሠራተኛዋ ከቤት ስትወጣ ካፊሉ «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክታል፤ ልጆቹ «ሁሩብ ተደረገብኝ» የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ሊሰረዝ ይችላል፣ በሕግ ፊትም ጥፋተኛዋ እሷ ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ የምትገባው «ሥራ አገኝልሻለሁ» ወዳለች የማታውቃት ሰው ቤት ከሆነ፣ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ባለቤት ተሸጋገረች። ኤምባሲ፣ ፖሊስ ወይም የሥራ ቢሮ በዚያው ቀን መድረስ የመበደሏን ነገር ከሁሩቡ በፊት ያስመዘግባል። የቆሰለች ከሆነ ሆስፒታል ትቅደም፤ የሐኪም ወረቀት ከየትኛውም ምስክር ይበልጣል። ሊባኖስ ውስጥ እነዚሁ የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር አለ፤ በ2012 ቤይሩት ላይ አሠሪዎች ልጆቹን በቆንስላው በር ላይ አውርደው ሲሄዱ ከደረሱላቸው አንዱ እሱ ነው።

ወደ አገር መመለሻዋ ሲደርስ «መብቴን በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል የዓረብኛ ወረቀት ሊያስፈርሟት ይችላሉ። ብሯን በእጇ ሳትቆጥር አትፈርም። ግዴታ ከሆነባት ከፊርማዋ ጎን በአማርኛ «ደመወዜን አልተቀበልኩም» ብላ ትጻፍ።

የማስለቀቂያ ስልክ ሲደወል

ከየመን ወይም ከሊቢያ ስልክ ተደውሎ ልጃችሁ ሲጮህ ከመስማት የባሰ ነገር የለም። አጋቾቹም የሚፈልጉት በዚያ ድምፅ ተደናግጣችሁ ቤት ንብረታችሁን እንድትቆጥሩላቸው ነው። ከቤተሰብ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እናትየው ባትሆን ይመረጣል። ያላችሁን ንብረት አትናገሩ፤ «ውጭ አገር አጎት አለው» የሚል ቃል ከአፍ ካመለጠ ዋጋው ይጨምራል። ልጁን በራሱ አፍ ማናገር ይጠየቅ። የተደወለበት ቁጥርና ሰዓት፣ የተባለው ሁሉ ይጻፍ፤ ከተቻለ ይቀረጽ።

ከሁሉ በላይ ብሩ የሚገባበት ሂሳብ ይያዝ። ማስለቀቂያው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው እዚሁ አገር ባንክ ውስጥ፣ በአንድ ሰው ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። ያ ስም በኢትዮጵያ ምድር የሚያዝ ሰው ነው፤ ፖሊስ ሊይዘው የሚችለው የመጀመሪያ ክር እሱ ነው። ፎቶውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አውጥቶ መለመን ከልብ የሚመጣ ነገር ነው፤ ነገር ግን አጋቾቹም ያዩታል፣ የተሰበሰበውንም ይቆጥራሉ። መዋጮው በዕድርና በዘመድ በኩል ድምፁን አጥፍቶ ቢሆን ይሻላል።

ፍትሕ ይመጣል ወይ ለሚል አንድ ነገር ላስታውስ። በሊቢያ ባኒ ዋሊድ ስደተኞችን በማሰቃየት ስሙ የሚታወቀው ኤርትራዊው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘው፣ በእጁ ያለፈ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ ስለተናገረ ነው። በ2013 ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በ2015 ደግሞ ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ባመለጠባቸው ዓመታት የመሰከሩበት ልጆች እንዴት ይተኙ እንደነበር ማሰብ ነው። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ምስክርነት ከመስጠቷ በፊት ጥበቃውን በጽሑፍ መጠየቅ የተጎጂዋ መብት ነው፤ ማንም ግን ቀድሞ አይነግራትም።

ከተመለሰች በኋላ

በ2006 ሳውዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ስትመልስ፣ ቦሌ ላይ ውኃና ብስኩት፣ ትንሽ የመሳፈሪያ ብርና ብርድ ልብስ ነበር። ያ ሥራ የሚናቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ የነበረው ባዶነት ግን ብዙዎቹን መልሶ ሸኝቷቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥያቄ የሚጠየቅባቸው አይደሉም። «ምን ሆንሽ?» አይባልም፤ «ምን አመጣሽልን?» ደግሞ በቀልድም አይባልም። ልትታጠብ ትፈልግ እንደሆነ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል መተኛት ትፈልግ እንደሆነ፣ ማን ጋ መደወል እንደምትፈልግ ትጠየቅ። ለወራት «ብዪ፣ ተኚ፣ ተነሺ» የተባለች ልጅ ትንሹንም ነገር ራሷ ስትመርጥ ነው ወደ ራሷ የምትመለሰው። ቤተሰብ ዘንድ ለመሄድ ያልደረሰች ካለች አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አጋር ኢትዮጵያና የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ማረፊያዎች አሉ። ታሪኳን ለፖሊስ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ለሐኪም፣ ለጋዜጠኛ አራት ጊዜ ማስተረክ ጉዳት ነው፤ አንዴ በደንብ ተጽፎ በፈቃዷ ይተላለፍ።

ሕክምናው ላይ የሚዘነጋው የሚታየው ስብራት አይደለም። እስር ቤት የቆየች ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋታል። ከፎቅ ዘልላ እግሯ ላይ ብረት የገባላት ከሆነ ክትትሉ የት እንደሚቀጥል ይወሰን፤ የቀዶ ሕክምናው ወረቀት ከሌለም ራጅ ይነሳ። እንቅልፍ ማጣት፣ በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ ለብቻ መናገር ካለ የአእምሮ ሐኪም ይያት፤ ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ቤተሰብ ፀበል ሊወስዳት ወይም ቁርኣን ሊያስቀራላት ይፈልጋል። ይህንን መቃወም ልጅቷን ከቤተሰቧ መነጠል ነው፤ እምነቱም ያጽናናታል። የሚጎዳት መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ነው፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል። ከፀበሉ አጥማቂ ወይም ከሼኹ ጋር ተነጋግሮ ክኒኑን ማን እንደሚሰጣት በስም መወሰን ይቻላል።

ልጅ ይዛ የመጣች ከሆነ የልጁ የልደት ምዝገባ አይቆይ። በሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ጊዜው ያለፈበትም በዘገየ ምዝገባ ይስተናገዳል። የአባት ስም የለም ተብሎ መመለስ የለበትም። አያትየው ልጁን በመንደር ፊት አንዴ አቅፈው ከወጡ የሰው አፍ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከእናትየው ቀድሞ ምክር የሚያስፈልጋቸው አያት ናቸው።

መታወቂያ ሌላው ማነቆ ነው። ቀበሌው «ከነበርሽበት መሸኛ አምጪ» ይላታል፤ የነበረችበት ደግሞ ጅዳ ነው። የተነሳችበት ቀበሌ የድሮ ቅጽ ላይ ስሟ አለና እሱ ይፈለግ፤ በሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው ኤምባሲ በሚሰጠው የጉዞ ወረቀት) የገባች ከሆነ ወረቀቱን እንዳትጥለው ይነገራት፤ ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም ትመዝገብ። ያለ መታወቂያ የባንክ ሂሳብ የለም፣ ቁጠባና ብድር የለም፣ የቤት ኪራይ ውል የለም።

አሁን ወደ ዕዳው። ትንሽ ስትረጋጋ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይውጣ፤ አበዳሪው ማን ነው፣ በእጅ የተቀበሉት ዋና ገንዘብ ስንት ነው፣ መቼ፣ እስካሁን ስንት ተከፈለ፣ በመያዣ የተሰጠው ምንድን ነው። የአጎት ብድርና የአራጣ ብድር በአንድ ዓይን አይታዩም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም፤ አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። በ100,000 ብር ላይ ሕግ የሚያውቀው የዓመት ወለድ ቢበዛ 12,000 ነው፤ በወር 10 በመቶ የሚያስከፍለው ሰው ግን 120,000 ይጠይቃል። አበዳሪዎቹ ይህንን ስለሚያውቁ ወለዱን ውሉ ላይ አይጽፉትም፤ 100,000 ሰጥተው «220,000 በብድር ተቀብያለሁ» አስብለው ያስፈርማሉ። መድኃኒቱ ያለው ከብድሩ በፊት ነው፤ የግድ የሚበደር ሰው ገንዘቡን በባንክ ያስተላልፍለት፣ በጥሬው አይቀበል። የባንኩ ወረቀት ትክክለኛውን ዋና ገንዘብ ይናገራል።

አበዳሪውን ከመጀመሪያው በፖሊስ ማስፈራራት ብዙ ጊዜ አይሳካም። ጎረቤት ነው፣ መሬቱም በእጁ ነው። ሦስት ሽማግሌ ይቀመጥ፤ የዕድሩ ዳኛ፣ ቄሱ ወይም ሼኹ፣ እና አበዳሪው የሚያፍረው አንድ ሰው። አራጣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተወገዘ ስለሆነ የእነሱ ቃል ክብደት አለው። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ወለዱ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ እስካሁን የተከፈለው ከዋናው ይቀነስ፣ ለስድስት ወር ፋታ ይሰጥ። እምቢ ካለ ያኔ ሕጉ ይነገረዋል። የተስማሙበት ተጽፎ ይፈረም።

የቀረባትን ደመወዝም መጠየቅ ይቻላል፤ ይህንን የሚያውቅ ተመላሽ በጣም ጥቂት ነው። በሕጋዊ ኤጀንሲ የሄደች ከሆነ ኮንትራቱ ሲጣስ ኤጀንሲውና የውጭ አሠሪው በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው። ኤጀንሲው በዝግ ሂሳብ ያስያዘው የዋስትና ገንዘብም ለዚሁ ነው። ኮንትራቱን፣ የቤት ደብተሩንና የመልእክቶቹን ፎቶ ይዛ ለሚኒስቴሩ ታመልክት፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ይረዳል። «ትንሽ ብር እንስጥሽና ፈርመሽ ተይው» ሲሏት ከመፈረሟ በፊት ባለሙያ ይየው።

ሥራ ማስያዙ ላይ ስህተቱ ተደጋጋሚ ነው። በአንድ ወረዳ ያሉ ተመላሾች ሁሉ ፀጉር ሥራ ይሠለጥናሉ፤ ከተማው ውስጥ ያለው ደንበኛ ግን ያው ነው። የማይተዋወቁ አምስት ሴቶች «በማኅበር ተደራጁ» ይባላሉ፤ አንዷ ስትታመም፣ ሌላዋ ስታገባ ይፈርሳል። መቋቋሚያው በአንድ ጊዜ በጥሬው ይሰጣል፤ አበዳሪው በዚያው ሳምንት ይሰማል። በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ ግማሹ በዕቃ፣ ቀሪው በራሷ ስም በተከፈተ ሂሳብ ቢሆን ይቆያል።

እንጀራ ጋግሮ ማቅረብን እንውሰድ፤ ብዙዎች የሚገቡበት ነውና። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። ሁለት ምጣድ በአንድ የተከራየ ቤት መስመር ላይ ከተሰካ መስመሩ ይግላል፣ አከራዩም ያስወጣታል። ስለዚህ ምጣድ ከመገዛቱ በፊት የቆጣሪው አቅምና የአከራዩ ፈቃድ ይጣራ፤ መብራት በሚጠፋባቸው ሰፈሮች አንድ የማገዶ ምጣድ ይኑር። ቤት ከመከራየቷ በፊት ቢያንስ ሦስት ምግብ ቤት በቀን ስንት እንጀራ እንደሚወስዱና በስንት ቀን እንደሚከፍሉ ትነጋገር። ምግብ ቤት በዱቤ ነው የሚወስደው፤ የሁለት ሳምንት ጤፍ የሚገዛ ብር ካልተቀመጠ ሥራው ደንበኛ እያለው ይቆማል። የሦስት ወር ኪራይም ከመነሻው ተለይቶ ይቀመጥ።

በበኩሌ ከሥልጠና በፊት ይዛው የመጣችውን ሙያ መጠየቅ ይቀድማል እላለሁ። አራት ዓመት ሪያድ የኖረች ሴት ዓረብኛ ትናገራለች፣ ሕጻን አሳድጋለች፣ አዛውንት አስታማለች፣ ትልቅ ቤት አስተዳድራለች። ለሆቴል፣ ለሕጻናት ማቆያ፣ የዓረብ እንግዳ ለሚያስተናግድ ክሊኒክ ይህ የሥራ ልምድ ነው። ኮንትራቷ ላይ ያሉት ዓመታት ተቆጥረው በወረቀት ይጻፉላት።

ክትትሉ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በ12ኛው ወር ይሁን። «ሥራው እንዴት ነው?» ከማለት በፊት «ከዕዳው ስንት ቀረ? ደላላው ደውሎ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መውጣት ስታስብ ስልኳን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነውና። የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመ ቀን እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ይጠሩ። አሮጌው የብድር ወረቀት ከአበዳሪው እጅ ተቀብለው ፊት ለፊቷ ይቅደዱት፤ «ዕዳው በሙሉ ተከፍሏል» የሚል አዲስ ወረቀት ከነቀኑ ይጻፍ፣ አበዳሪውም ሦስቱም ይፈርሙበት፤ በወለድ አገድ የተያዘ መሬት ካለ የተመለሰበት ቀንም እዚያው ይግባ። ወረቀቱ ይቀመጥ፤ ግን በአባቷ ወይም በወንድሟ ሳጥን ሳይሆን በእሷ እጅ፣ ፎቶው ደግሞ በስልኳ።